የመርፌ ድምፅ

ቤቲቱ ሁለት ክፍል ነበረች። የፊተኛዋ የስፌት ቤት፣ የኋለኛዋ መኝታ። በፊተኛዋ ክፍል ከመስኮቱ ሥር ሦስት የስፌት መኪናዎች ተደርድረው ከጠዋት እስከ ማታ መጋረጃና አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የወንበር ሽፋን ሲሰፋባቸው ይውላል። በመሀለኛው መኪና እናት፣ በቀኟ ታላቂቱ ልጅ፣ በግራዋ ታናሺቱ ይቀመጣሉ። አባት በሕይወት ሳለ ልጆቹን የሚጠራው በሥራው ቤት ዕቃ ነበር። ታላቂቱን «መርፌ» አላት፤ ድምፅ ሳታሰማ ገብታ ስለምትወጣ። ታናሺቱን «መኪና» አላት፤ አንዴ ከተነሣች ማቆሚያ ስለሌላት። አባት በጊዜ ሞተ፤ ያወጣቸው ስሞች ግን ከነሣቁ ቀሩ።

ሦስት መኪና ባንድ ላይ ሲንጫጫ ሰው ከሰው አይሰማማም። ስለዚህ እናትና መርፌ በዓይን መነጋገር ለመዱ። እናት ፊቷን ወደ ቀኝ መለስ ስታደርግ መርፌ መቀሱን ታቀብላለች። እናት ቅንድቧን ከፍ ስታደርግ፣ መርፌ ጠርዙ እንደተጣመመ አውቃ መተርተር ትጀምራለች። ደንበኛ መጥቶ ሲነዘንዝ ሁለቱ አንዴ ይተያያሉ፤ በዚያች አንዲት እይታ ውስጥ ሐሜቱም፣ ሣቁም፣ ትዕግሥቱም አልቆ ይወጣል። መኪና ግን ጫጫታውን ለማሸነፍ ትጮኻለች፤ ታንጎራጉራለች፤ ደንበኛ ታሥቃለች። እናት ለሰው ስታወራ «የኔ መርፌ አፍ አያስፈልጋትም፤ ዓይኗ ይበቃታል» ትል ነበር። ልጅቷ ይህን በሰማች ቁጥር ልቧ በኩራት ይሞላል። እንግዲህ ዝም በማለቷ የተወደደች ልጅ፣ መናገርን ከወዴት ትማረው?

አንድ ቀን እናት ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ጠፋባት። «የዘንድሮ ክር ደግሞ ቀጭን ሆኗል» ብላ አለፈችው። ቆይቶ ጥቁሩ ክር ጠፋባት፤ ይህንንም ለማንም ሳትናገር በጣቷ እየዳበሰች ሰፋች። የመርፌን ፊት ማየት ሲያቅታት ነው አደጋው የገባት። ሐኪሙ የዓይኗ ግፊት ነርቩን እንደገደለው ነገራት፤ «ለምን ቀደም ብለሽ አልተናገርሽም እናቴ?» አላት። «ሥራ በዝቶብን ነበር» አለች። ይህን ስትል መርፌ አጠገቧ ቆማ ነበር። እናት እንደ ልማዷ ወደ ቀኝ ዞር ብላ ፈለገቻት… ጨለማ ብቻ። ያቺ በሕይወት ዘመናቸው ሁሉ ሲነጋገሩባት የኖሩት አንዲት መስኮት በዚያች ቅጽበት ተዘጋች፤ መርፌም ሌላ በር ማንኳኳት አላወቀችም።

መከራ ሲመጣ ብቻውን አልመጣም። የእናት ልብ ደግሞ ደከመ፤ የመሀለኛው መኪና በጨርቅ ተሸፈነ፤ ሥራው ቀነሰ፤ መድኃኒቱ ግን አልቀነሰም። ከሁለቱ አንዷ ውጭ ሥራ መፈለግ ነበረባት።

«ማናችን እንሂድ እትዬ?» አለች መኪና። «ደንበኛው እኔን ለምዷል፤ ግን አንቺ ከእኔ የተሻለ ትሰፊያለሽ። እስቲ ወስኚ።»

መርፌ መሬት መሬት አየች።

«ዝም ካልሽማ ለመሄድ እሺ ብለሻል ማለት ነው» አለች መኪና። ነገሩም በዚሁ አለቀ።

መርፌ የሆቴሎች አንሶላ በሚታጠብበት ትልቅ የልብስ እጥበት ቤት ተቀጠረች። እዚያ እንፋሎቱ ሰውን ከሰው አያሳይም። የፈላ ውሃና በረኪና ቀን ከሌት የሚነካው እጅ መጀመሪያ ይቀላል፤ ከዚያ ይላጣል፤ ከዚያ እንደ አሮጌ ጫማ ይደርቃል። በመርፌ መወጋት የጠነከሩት የጣቶቿ ጫፎች ለሰለሱና ተሰነጣጠቁ፤ አንጓዎቿ አበጡ። አንድ ቀን ሌላ ሰው ባቃጠለው ሸሚዝ አለቃው እሷን ሲገስጻት ዝም አለች። አጠገቧ ኮሌታ በሚያጠነክረው ስታርች የምትተኩሰው ሴትዮ «አንቺ፣ አፍሽንም በስታርች ነው እንዴ የተኮስሽው?» ብላ ቤቱን በሣቅ ሞላችው። መርፌም ፈገግ አለች። ምን ታድርግ?

ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ሾርባ ትሠራለች፤ እናቷን ታጥባለች፤ ፀጉሯን ታበጥራለች፤ አንሶላዋን ቀይራ ወደ ሥራ ትሮጣለች። ማታ ተመልሳ እንደገና። በመካከሉ ያለውን ሰፊ ቀን እናት የምታሳልፈው ከመኪና ጨዋታ ጋር ነው። እንዲህ እያለ፣ እናት ሆስፒታል መኪና እያስታመመቻት ብዙ ከርማ በተመለሰች ማግሥት፣ በአንድ የእሑድ ጠዋት አንድ ነገር ሆነ። መርፌ የእናቷን እግር በለብ ያለ ውሃ እያጠበች ሳለ እናት ጎንበስ ብላ እጇን ያዘችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሰች። ቅንድቧ ከፍ አለ።

«ይቺ ማናት?» አለች። «ይህ የልጆቼ እጅ አይደለም።»

መኪና በሩ ላይ ተደግፋ ፀጉሯን እየጎነጎነች ነበር፤ ሣቀች። «ሠራተኛ ቀጥረንልሻል እማዬ። ግን ዕድል የለንም፤ ከመጣች ጀምሮ አፏን አልከፈተችም» አለችና እህቷን ጠቀሰቻት። ቀልድ ነበር። በቃ፣ ዛሬ እንኳ ትናገራለች ብላ እህቷን መቆስቆሷ ነበር። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ማለት ምን ያህል ከባድ ነው? ሦስት ቃል! ሕፃን ልጅ የሚለው! ነገር ግን መርፌን ቅናት ያዛት። «የእህቴን ድምፅ ከሩቅ ስትሰማ ታውቃታለች፤ እኔን እጄን ይዛኝ አታውቀኝም? ያ ሁሉ ዘመን ያለ ቃል ስንግባባ ኖረን፣ ዛሬ ስሜን ልንገራት? አልናገርም። ራሷ ትወቀኝ!» ብላ በልቧ ማለች። የእናቷን እግር በፎጣ ጠቅልላ ማድረቅ ቀጠለች። የመኪና ሣቅ ቀስ ብሎ ከፊቷ ላይ ደረቀ። ቀልዱ ግን አልደረቀም። እውነት ሆኖ ቆመ።

«መርፌስ?» አለች እናት። «መርፌ የት ሄደች?»

መኪና እህቷን አየች። እህቷ ውሃውን ይዛ ወጣች።

«ሥራዋ ሩቅ ነው እማዬ። እዚያው ነው የምታድረው» አለች መኪና።

ወራት አለፉ። እናት ሾርባውን ቀምሳ «መኪናዬ፣ እጅሽ ይባረክ» ትላለች፤ መኪና መጀመሪያ መጀመሪያ ትንተባተብ ነበር፣ በኋላ «ጠጪ እማዬ» ማለት ለመደች። ሾርባውን የሠራችው ጭልፋዋን እንደያዘች ከበሩ ኋላ ቆማለች። ከፊተኛው ክፍል የእናትና የታናሽ እህቷ ሣቅ ሲመጣ ጆሮዋን መድፈን ያምራታል። መኪና ስታወራ የእናት ፊት እንደሚበራ ታያለች፤ ያን ብርሃን የሚያይ ዓይን የእሷ ብቻ ነው፤ የሚያበራው ግን የእህቷ አፍ ነው። በድምፅዋ ቀናች። በሳልዋ እንኳ ቀናች፤ እናት ሳሏን ሰምታ «ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» ስላለቻት። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሌላ ነበር። እናት ቀስ በቀስ ሠራተኛዋን ወደደቻት። «ይቺ ልጅ ወርቅ ናት» ትላለች ለመኪና። «አትናገርም እንጂ፣ እጇ ልብ አለው። የኔዋ ግን ጨከነችብኝ።» መርፌ ይህን ስትሰማ በዚያች ሌላ ሴት፣ በሌለችው ሴት፣ በገዛ ራሷ ላይ ቀናች። በዓለም ላይ በራሱ ላይ የቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ጠዋት ፀጉሯን ስታበጥር ንዴቷ እጇ ላይ መጣና ማበጠሪያውን ጎተተችው። እናት አልጮኸችም። «ዛሬ እጅሽ ተቆጥቷል» አለች በለሆሳስ። «ምን ሆንሽ ልጄ?» መርፌ ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን ዋጠች። ልጄ አለቻት። ግን ማንን?

የእናት የልብ ሕመም ጠናና ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ ቤቷ ትሁን» አለ። ያ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም እህትማማቾች ገባቸው፤ አንዷ ስትንሰቀሰቅ አንዷ ግድግዳ ግድግዳውን አየች። መርፌ ከእጥበት ቤቱ ፈቃድ አግኝታ እቤት ዋለች፤ ፈቃዱንም የጠየቀችላት መኪና ናት።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ መኪና የተሰፋ መጋረጃ ልትሰቅል ደንበኛ ቤት ሄደች። መኪናዎቹ ቆመዋል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ የእናት ብርድ ልብስ ላይ ተኝቷል። እናት እጇን ዘርግታ አልጋው ጠርዝ ላይ መታ መታ አደረገች።

«ነይ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ» አለች። «አንቺ መልስ አትሰጪም፤ ስለዚህ ላንቺ መናገር ይቀላል።»

መርፌ ተቀመጠች።

«ትልቋን ልጄን አታውቂያትም። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ አንድ ቀን መጥታ ‹እማዬ› አላለችኝም። መጀመሪያ ተቀየምኳት። ኋላ ሳስበው ግን ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅ ሆና ብዙ ትጠይቅ ነበር፤ ‹ይሄ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው› ትለኝ ነበር። ለሥራዬ ስላልተመቸኝ ዝም ስትል አሞገስኳት። ባሞገስኳት ቁጥር ቃሏን እየቀነሰች መጣች… አፏን የሰፋሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ።» ትንፋሽ አጠራት። የሠራተኛዋን እጅ ጨበጥ አደረገች። «ስሞት ትመጣ ይሆናል። ያኔ ‹እናትሽ አልተቀየመችሽም፤ ስትናፍቅሽ ነው የሞተችው› የሚላት ሰው እፈልጋለሁ። ለመኪና እንዳልነግራት ነገሩን በወሬ ታበዛዋለች። አንቺ ደግሞ አትናገሪም። ታዲያ ይህን ቃል ለማን ልስጠው?»

ወይ የሰው ልጅ ዕጣ! ቃሉ የተላከላት ሴት አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ በእናቷ እጅ ውስጥ ነው፤ በመካከላቸው ያለው የአንዲት ቃል ስፋት ብቻ ነው፤ ያም ስፋት ካገር አገር ይርቃል። መርፌ አፏን ከፈተች። አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ከፈተች።

«እማዬ።»

እናት እጇን እሳት እንደነካው ሰው ነጠቀች።

«ትናገሪያለሽ እንዴ? ማነሽ አንቺ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«መርፌ።»

የእናት ፊት ጠቆረ። «ሴትዮ፣ አልጋ ላይ በወደቀ ሰው አይቀለድም። የልጄን ድምፅ የማላውቅ መሰለሽ? የልጄ ድምፅ…» ብላ ቆመች። ፈለገችው። በጨለማዋ ውስጥ የልጇን ድምፅ ከጥግ እስከ ጥግ ፈለገችው። የመኪና ድምፅ ሞልቶ ተርፏል፤ የሟቹ ባሏም ሣቅ አለ፤ የመርፌ ግን የለም። «የልጄን ድምፅ አላስታውሰውም» አለች፤ እንባዋም በሁለቱ ጉንጮቿ ወረደ። «አንቺ መሆንሽን በምን ልወቅ?»

መርፌ ያን ጊዜ ነው የገባት። አንድ ቃል አይበቃም። «እኔ ነኝ» ማለት አይበቃም። መናገር አለባት፤ እስክትታወቅ ድረስ መናገር አለባት።

«ያቺ… ባለ ኮፍያዋ ሴትዮ» ብላ ጀመረች። ድምፅዋ ዘይት እንዳልነካው መኪና ይንቋቋል። «መጋረጃው አጠረ ብላ የጮኸችው። እላይ ድረስ ትጎትተዋለች፣ አይደርስም። ሌቦች ናችሁ አለችን። ለካ ጫፉን በጫማዋ ረግጣዋለች። አንቺ አየሽኝ። እኔ አየሁሽ። መኪና አላየችም፤ ይቅርታ እየጠየቀቻት ነበር።»

እናት ወደ ድምፁ ዞረች። «ከዚያስ? በዓይኔ ምን አልኩሽ?»

«‹አትንገሪያት፣ ትጩኽ› አልሽኝ። ከዚያ ክር የወደቀብሽ መስለሽ ከጠረጴዛው ሥር ገባሽ። አንሶላ አፍሽ ውስጥ ጠቅጥቀሽ ስትሥቂ ጫማሽ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

እናት ሣቀች። ሣቁ ከሆዷ ተነሥቶ ደረቷ ላይ ሲደርስ ልቅሶ ሆነ። «መርፌዬ» አለች፤ እየዳበሰች ፊቷን፣ ቅንድቧን፣ አገጯን ያዘች፤ ከዚያ እጇን ፈልጋ አገኘችውና እንደገና ጣቶቿን ቆጠረች። «የልጄ እጅ የት ሄደ?»

«በበረኪና አለቀ እማዬ።»

«እዚሁ ነበርሽ?»

«አንድም ቀን አልሄድኩም። ሾርባውን የምሠራው እኔ ነኝ። ያን ቀን ማበጠሪያውን የጎተትኩትም እኔ ነኝ። በእጄ እንድታውቂኝ ፈልጌ ነው፣ ሳታውቂኝ ስትቀሪ ቀናሁ። በመኪና ድምፅ ቀናሁ። በሠራተኛዋም ቀናሁ።»

«አዬ የኔ ሞኝ፣ ሠራተኛዋስ አንቺ አይደለሽም?»

«በሷም ቀናሁ እማዬ። ወደድሻት።»

በሩ ጋ የመጋረጃ ማያያዣዎች ወለሉ ላይ ተበተኑ። መኪና ተመልሳ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች የሚያውቅ የለም። አፏን ከፈተች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ቃል አጣች። እናት ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«መኪና፣ ለምን?» አለቻት ሳትቆጣ።

«ቀልድ ነበር» አለች መኪና ዝቅ ብላ። «ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገረችም። ከዚያ…» አለቀሰች። «በግራሽ ነበር የምቀመጠው እማዬ። ከእትዬ ጋር ለመነጋገር ወደ ቀኝ በዞርሽ ቁጥር እኔ የማየው ማጅራትሽን ነበር። ልጅነቴ በሙሉ ማጅራትሽን አየሁ። የምጮኸው እንድትዞሪልኝ ነበር። ዓይንሽ ሲጠፋ… ይቅር በይኝ፣ ዓይንሽ ሲጠፋ ተራዬ ደረሰ አልኩ።»

ድሮ ቢሆን መርፌ መሬት መሬት አይታ ነገሩ ያልፍ ነበር።

«አዎ፣ እኔ ዝም አልኩ» አለች መርፌ ከአልጋው ተነሥታ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አልቆመም። «ጥፋቴ ነው። አንቺ ግን እያወቅሽ ተናገርሽ። ‹ጠጪ እማዬ› ስትይ ከበሩ ኋላ እንዳለሁ ታውቂ ነበር። አሳዘንሽኝ። ይህን ሳልነግርሽ ይቅር ብልሽ ይቅርታው የውሸት ይሆናል፤ ስለዚህ ነገርኩሽ።»

መኪና ወለሉ ላይ ተንበርክካ የእህቷን የተሰነጣጠቀ እጅ ያዘች፤ ፊቷንም ቀበረችበት። እናት ግራ እጇን ወደ ታናሺቱ ዘረጋች። «ነይ፣ አንቺም ነይ» አለች። «አሁን ለኔ ቀኝም ግራም አንድ ነው። ለማናችሁም ማጅራት የለኝም።»

እናት ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀናት ብቻ ኖረች። በእነዚያ ቀናት መርፌ ተናገረች። የዕድሜ ልክ ቃል ተጠራቅሞ ኖሮ፣ ጎርፍ ሆኖ ወጣ። እናት ዓይኗን ጨፍና «አውሪ» ትላለች፤ ስታቆም «አውሪ እንጂ» ትላለች። ድምፅዋ ተዘግቶ ሹክሹክታ ሲሆን መኪና ለብ ያለ ውሃ ታቀብላታለች፤ ራሷ ግን አንድ ቃል አትጨምርም። በመጨረሻዋ ከሰዓት በኋላ መርፌ ስለ እጥበት ቤቱ እየነገረቻት ነበር፤ በስታርች ስለተተኮሰው አፍ ስትነግራት እናት ፈገግ አለች። ስለ ተቃጠለው ሸሚዝ ስትነግራት «ለምን አልነገርሽውም አለቃሽን?» አለች። «እነግረዋለሁ» አለች መርፌ። «ንገሪው» አለች እናት። ይህች ቃል የመጨረሻዋ ሆነች። የእናት ጣቶች በመርፌ እጅ ውስጥ ቀስ ብለው ሲላሉ መርፌ አወቀች። ግን አላቆመችም። ሸሚዙ እንዴት እንደተቃጠለ፣ እንፋሎቱ እንዴት እንደሚያፍን፣ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ተረከች፤ እናቷን በጅምር ወሬ ልትሸኛት አልፈለገችምና።

«እትዬ…» አለች መኪና። «በቃ።»

«ጨርሻለሁ» አለች መርፌ። ከዚያ ሁለቱም ባንድ ድምፅ አለቀሱ።

መርፌ ወደ እጥበት ቤቱ ስትመለስ በቀጥታ አለቃው ፊት ቆመች። «ያን ሸሚዝ ያቃጠልኩት እኔ አይደለሁም» አለችው። ሰውዬው ቀና ብሎ «የቱን ሸሚዝ?» አላት። ረስቶታል። እሷ ግን ሸክሟን እዚያው ጥላ ወጣች፤ ብዙም ሳትቆይ ሥራውን ትታ ወደ ስፌት ቤቷ ተመለሰች። ዛሬ በዚያች የፊተኛ ክፍል የእናት መኪና በጨርቅ እንደተሸፈነ ጥጉን ይዟል። ሁለቱ መኪናዎች ግን ጎን ለጎን መሆናቸው ቀርቶ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አንዷ ቀና ስትል የሌላይቱን ፊት እንጂ ማጅራት አታይም። መኪና ስታንጎራጉር መርፌ አንዳንዴ የሚሽከረከረውን ጎማ በመዳፏ ታቆምና «ስሚኝማ» ትላለች። መኪናም የራሷን አቁማ ትሰማታለች።

ወይ ዕድል… አንዲቱን እናት ዓይኗን ወስደህ ጆሮዋን ስትተውላት፣ ለዚያ ጆሮ የሚሆነውን ቃል ለምን በልጅቷ ጉሮሮ ውስጥ ያን ያህል ዘመን ቆለፍክበት? ወይስ የቆለፍነው እኛው ነን፣ የቆላፊነቱን ስም ብቻ ነው ላንተ የሰጠነው? በየቤቱ ከበሩ ኋላ ጭልፋ ይዛ የቆመች አንዲት መርፌ አለች። ከበሩ ወዲያ ደግሞ ድምፅዋን የሚፈልግ፣ ግን የማያስታውሰው አንድ ሰው በጨለማ ተኝቷል። ያቺ መርፌ ይህን ካነበበች፣ ጭልፋዋን አስቀምጣ ትግባ። ፀሐዩ ገና ብርድ ልብሱ ላይ ነው።